ኤም አር አይ በጉልበት አይሠራም

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ልጅ ያላችሁም፣ የእህት የወንድም ልጅ ያላችሁም ይመለከታችኋል። የቀድሞ ተማሪዎቼማ ግማሾቻችሁ ወልዳችኋል፣ ግማሾቻችሁ ነርስና ቴክኒሻን ሆናችኋል፣ ስለዚህ ማምለጫ የላችሁም።

ልጅ ሐኪም ቤት ስንወስድ የምንዋሸውን ውሸት ሁላችንም እናውቀዋለን። «ከረሜላ ልገዛልህ ነው።» «አክስትህ ጋ ነው የምንሄደው።» «ምንም አያደርጉህም፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩህ።» ቤት ውስጥ ሲረብሽ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ ጋ ወስጄ ነው የማስወጋህ!» ልጆቻችንን ለሕክምና የምናዘጋጀው እንግዲህ በዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሐኪም እናስፈራራዋለን፣ ቀኑ ሲደርስ አታልለን እንወስደዋለን።

እስከ ዛሬ ሠርቶልናል ወይ ካላችሁ፣ በአንድ በኩል አዎ። ደም ሲቀዳ አንዱ እጁን ይይዛል፣ አንዱ እግሩን፣ እናት ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች፣ ነርሷ ትወጋለች፣ አለቀ። 1 ደቂቃ አይፈጅም። ክትባትም እንደዚያው ነው። ራጅም ቢሆን ጠበቅ አድርጎ መያዝና ብልጭ ማድረግ ነው። ልጁ ተታለለ፣ ተጎዳ፣ ግን ሥራው ተሠራ። እኛም «ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» ብለን ወደ ቤት እንመለሳለን።

ኤም አር አይ ላይ ስንደርስ ግን ይኼ ዘዴ አይሠራም። አራት ጎረምሳ ሰብስባችሁ ልጁን ብታስይዙትም አይነሳም። ልጁ ራሱ አውቆ፣ ራሱ ፈቅዶ፣ ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እንደ ድንጋይ ካልተኛ የሚቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ማደንዘዣ፣ ወይ ወደ ቤት። እኔ የማውቀው በጉልበት የማይሆን፣ የልጁን ስምምነት የግድ የሚጠይቅ ምርመራ ይኼ ነው። ለዚህም ነው ለልጅ እውነቱን መንገር የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው። የምርመራው አንድ ክፍል ነው። ልክ እንደ ማሽኑ፣ ልክ እንደ ባለሙያው።

ለምን በጉልበት አይሆንም? ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እዚህ ላይ ሳላብራራ ማለፍ አልችልም፣ ታገሱኝ።

ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው። ብዙዎቹ 1.5 ቴስላ ናቸው፣ 3 ቴስላ የሆኑም አሉ። የኮምፓስ መርፌ የሚያዞረው የመሬት ማግኔት በጣም ደካማ ስለሆነ 1.5 ቴስላ ማለት የእሱን 30,000 እጥፍ ያህል ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፣ የሃይድሮጅን ፕሮቶን ደግሞ እንደ ትንሽ የኮምፓስ መርፌ ነው። ማግኔቱ እነዚህን ያሰልፋቸዋል። ከዚያ ማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። 1.5 ቴስላ ላይ 64 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፣ ማለትም የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከሚጀምሩበት ከ88 ትንሽ ዝቅ ያለ። ፕሮቶኖቹ ከሰልፋቸው ዘንበል ይላሉ፣ ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ እነሱም በተራቸው ደካማ ምልክት ያወጣሉ። ማሽኑ ያንን ይሰማል። ስለዚህ ራጅና ሲቲ ስካን ያላቸው ዓይነት ጨረር የለውም። «ልጄን ጨረር ሊያቃጥሉብኝ ነው» ለምትሉ፣ አይደለም። በነገራችን ላይ መጀመሪያ ስሙ ውስጥ «ኒውክሌር» የሚል ቃል ነበረበት። ኋላ ላይ ሰው ሲሰማው ስለሚደነግጥ ተወው። የፈራነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ጩኸቱስ? ምልክቱ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ ለመለየት ማሽኑ ውስጥ ያሉ የሽቦ ጥቅሎች ኤሌክትሪካቸው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ክፍል ውስጥ ያልኳችሁን አስታውሱ፣ ማግኔት መሀል ያለ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይገፋል። ይገፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል። ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ለዚህ ነው የጆሮ መሸፈኛ የሚሰጡት። የተበላሸ ነገር የለም። ማሽኑ ሥራውን ሲሠራ ድምፁ እንደዚህ ነው። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር የሰማ ልጅና ያልሰማ ልጅ እዚያ ቱቦ ውስጥ አንድ ዓይነት ልጆች አይደሉም። ያልሰማው ማሽኑ ሊፈነዳ ነው ብሎ ያስባል። እኔስ ብሆን?

አሁን ወደ ዋናው። ምስሉ እንደ ስልክ ፎቶ በአንድ ብልጭታ አይነሳም። ምልክቱ እየተደጋገመ በየመስመሩ ይሰበሰባል፣ አንዱ ዙር ብቻ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ በጠቅላላው ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዱ ሰሌዳውን ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዝብኝ ጽሑፉ በሙሉ ይበላሻል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ልጁ አንገቱን አንዴ ዞር ሲያደርግ የሚደበዝዘው ያቺ ቅጽበት ብቻ አይደለችም፣ የዚያ ዙር ምስል በሙሉ ነው። አጥብቆ የያዘው ሰው ደግሞ ከልጁ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ጉልበት የማይሠራው።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ታዘዘላት። 7 ዓመቷ ነው፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏት ነበር። እኛ ከተማ ማሽኑ ስለሌለ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብን፣ ቀጠሮው ደግሞ 9 ቀን ቀርቶታል። እህቴ ደውላ «አንተ አስተማሪ አይደለህ፣ ንገርልኝ» አለችኝ። ሄድኩና ምሳ ከበላን በኋላ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ያማል?» አለችኝ መጀመሪያ።

«አያምም። ግን ይጮሃል።»

«እንደ ምን?»

«እንደ ወፍጮ ቤት። አንዳንዴ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ እንደሚጮኸው።»

ወፍጮ ቤት ታውቃለች፣ ከአያቷ ጋር ትሄዳለች። ትንሽ አሰበችና ሁላችንም የምንፈራውን ጥያቄ ጠየቀች። «መርፌ አለው?»

እህቴ ከጀርባዋ ሆና በዓይኗ «የለም በላት» እያለችኝ ነበር። አላልኩም። «ሊኖረው ይችላል። አንዳንዴ ምስሉ እንዲጎላ እጅ ላይ በመርፌ መድኃኒት ይሰጣሉ። ካለ ሳልደብቅ ቀድሜ እነግርሻለሁ። ከሌለም እንደሌለ እነግርሻለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፦ «ማልቀስ ይቻላል?» እስከ ዛሬ ይህቺን ጥያቄ አልረሳኋትም። «ማልቀስ ይቻላል የኔ ቆንጆ፤ እጅ መሳብ ነው የማይቻለው።» በዚህ ተስማማን።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። የሳሎኑን ጠረጴዛ ጋቢ አልብሰን ቱቦ አደረግነው። ከኢንተርኔት የማሽኑን ድምፅ አውርጄ ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ አደረግሁ፣ መጀመሪያ ዝቅ አድርጌ፣ በየቀኑ ትንሽ ከፍ እያደረግሁ። ደግሞ አትንቀሳቀሺ አላልኳትም። ልጅ «አትንቀሳቀስ» ሲባል ነው የሚያሳክከው። «ኩኩሉ ነው የምንጫወተው፣ ማሽኑ እየፈለገሽ ነው» አልኳት። አስተውላችሁ ከሆነ ኩኩሉ ላይ የተደበቀ ልጅ አልጋ ስር አቧራ እየጠጣ እንኳ ትንፍሽ አይልም፤ ክፍል ውስጥ 5 ደቂቃ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ነው እንግዲህ። ችሎታው አለው ማለት ነው፣ የሚጎድለው ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ቀን 3 ደቂቃ ቆየች። በሳምንቱ መጨረሻ 20 ደረስን፣ በልቧ እስከ 100 እየቆጠረች፣ ሲያልቅ እንደገና ከ1። አያቷ ደግሞ «አባታችን ሆይ ድገሚ፣ እሱ ይበልጣል» አሉ። ሁለቱንም ተጠቀመች።

ሆስፒታል ስንደርስ መርፌው ነበረ። ነገርኳት። አለቀሰች፣ እጇን ግን አልሳበችም። ውስጥ 35 ደቂቃ ቆየች፣ አንዴ ተንቀሳቅሳ አንዱን ዙር ደገሙት። ተአምር አልነበረም፣ ግን ያለ ማደንዘዣ አለቀ። ውጤቱም ደህና ነው፣ ተመስገን።

እዚያው ተራ ስንጠብቅ ከኛ ፊት አንድ ልጅ ነበር፣ በእሷ ዕድሜ የሚሆን። አባቱ ከሩቅ ገጠር ይዘውት የመጡ ናቸው፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድረዋል። ልጁ «ፎቶ ልትነሳ ነው» ተብሎ ነው የመጣው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ ሲከፈትና ያንን ነጭ ግዙፍ ቀለበት ሲያይ የጮኸው ጩኸት ኮሪደሩን አናወጠው። አባትየው መጀመሪያ ለመኑት። ከዚያ ብስክሌት እገዛልሃለሁ አሉት። ከዚያ በጥፊ መቱት። በመጨረሻ ቴክኒሻኑ ወጥቶ «አይሆንም አባቴ፣ ለማደንዘዣ ሌላ ቀጠሮ ያሲዙ» አላቸው። አባትየው ወረቀቱን ይዘው ቆመው ቀሩ።

እኚህ አባት ላይ የሚፈርድ ሰው ካለ እዚህ ገጽ ላይ አልፈልገውም። ማን ምን ነገራቸው? የቀጠሮ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ የእኛም ያው ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ የሚከፈለው ብር፣ ማኅተም። በቃ። ልጁ ዝም ብሎ መተኛት እንዳለበት የሚል አንድ መስመር የለም። ብዙ ሺህ ብር የሚከፈልበት፣ ሰው ማሳውን ጥሎ የሚመጣበት ምርመራ የሚወሰነው ልጁ ዝም ብሎ በመተኛቱ ነው፣ ስለሱ ግን ማንም ምንም አይልም። ሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ የአንድ ቦታ ችግር አይመስለኝምና።

ማደንዘዣን እያጥላላሁ አይደለም። የ2 እና የ3 ዓመት ልጅን ጠረጴዛ ስር አለማምዳችሁ ግማሽ ሰዓት አታስተኙትም፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከዚያ በላይ ሆነው በሕመማቸው ወይም በአእምሮ እድገታቸው ምክንያት ሊተኙ የማይችሉ ልጆችም አሉ። ለእነሱ በረከት ነው። የጥቂት ወር ጨቅላ ሲሆን ደግሞ ደስ የሚል ዘዴ አለ፦ ጡት ጠጥቶ ሲጠግብ በጨርቅ ጠቅልሎ እንቅልፍ ሲወስደው ማስገባት። የኛ እናቶች ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት ጥበብ ነው፣ ፈረንጆቹም ይጠቀሙበታል። እኔ የምቃወመው ከ5፣ ከ6 ዓመት በላይ የሆነ፣ ቢነገረው ሊተኛ የሚችል ልጅ ስላልተነገረው ብቻ ማደንዘዣ ሲወስድ ነው። ማደንዘዣ ማለት ሌላ ባለሙያ ነው፣ ሌላ ቀጠሮ ነው፣ ሌላ ወጪ ነው፣ ለማግኔት የሚሆን ልዩ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ነው። ደግሞ ጾም ነው።

ጾሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ሰው ሊሞት ስለሚችል። የተለመደው ሕግ ከማደንዘዣ በፊት ምግብና የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል የሚል ነው፤ የናንተ ሐኪም የሚላችሁን ግን እሱን ያዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የደነዘዘ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ሲመለስ ማሳል ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። አሁን ወደኛ ቤት እንምጣ። ልጁ ከንጋት ጀምሮ «ራበኝ» ይላል፣ ለምን እንደማይበላ አልተነገረውም። አያት አንጀታቸው አይችልም። «አንድ ጉርሻ ምን ታደርገዋለች?» ብለው ደበቅ አድርገው ያጎርሱታል። ከዚያ ባለሙያው «በልቷል?» ሲል ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ቀጠሮው እንዳይሰረዝ። እነሆ፣ ልጁን በመዋሸት የጀመርነው ሐኪሙን በመዋሸት ያልቃል። እባካችሁ፣ ልጁ በልቶ ከሆነ በልቷል በሉ። ቀጠሮ ይተካል። ለልጁም፣ ለአያትም፣ ለሁሉም ሰው ምክንያቱን ቀድማችሁ ንገሩ፤ የተነገረው ልጅ ራሱ ጉርሻውን «አይ እማማ፣ አይፈቀድም» ብሎ ይመልሳል። ልጅ ሕግ ማስከበር ይወዳል።

የእህቴ ልጅ ይኸው የሕግ ማስከበር ፍቅሯ ብረት ላይ ወጣላት። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ብረት ይስባል ብዬ ስነግራት ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊስ ሆነች። አባቷን «ቀበቶህን አውልቅ፣ ሳንቲምህን አውጣ» እያለች በር ላይ ትፈትሽ ነበር። ቀልድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገብቶ ማግኔቱ ስቦት ልጁን መትቶ ገድሎታል። ያንን ያህል ያደገ አገር ውስጥ። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ማግኔቱ ምርመራ ሲያልቅ አይጠፋም። መብራት ሲሄድም አይጠፋም፤ ይኼ ለኛ አገር ሰው ሁለት ጊዜ ቢነገር አይበዛም። «ማሽኑ ቆሟል» ብላችሁ ዘው እንዳትሉ።

እኛ ጋ የሚረሱት ነገሮች የተለዩ ናቸው። የሴት ልጅ ሹሩባ ውስጥ የተሰካች ትንሽ መቆንጠጫ። የጆሮ ጌጥ። አንገት ላይ ያለ የብረት መስቀል፣ በብረት መያዣ የተደረገ ክታብ። ዚፕና የብረት ቁልፍ ያለው ሱሪ። መስቀሉን ማውለቅ እምነትን ማውለቅ እንዳልሆነ ለልጁም ለአያትም ቀድሞ መናገር ነው፣ በር ላይ ሲደርሱ ጭቅጭቅ እንዳይሆን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የነበረ ልጅ ሰውነቱ ውስጥ ፍንጣሪ ሊኖር ይችላል፤ ጠባሳው ትንሽ ናት ብላችሁ ሳትናገሩ እንዳታልፉ። ልጁን ይዞ ወደ ውስጥ የሚገባው ወላጅም ይጠየቃል። አባት ብየዳ ሠራተኛ ከሆነ ዓይኑ ውስጥ የብረት ብናኝ ሊኖር ስለሚችል ይናገር፣ ወይ እናት ትግባ።

አሁን የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ። «ልጅ ቀድሞ ከተነገረው ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቅ ይከርማል። ለምን ታስጨንቀዋለህ?» እናቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ትንሽ እውነት አለው። የ4 ዓመት ልጅን ከሁለት ሳምንት በፊት ብትነግሩት ትርጉም የለውም፣ ለእሱ ዋዜማው ወይም ጠዋቱ ይበቃል። የ7 እና የ8 ዓመት ልጅ ሳምንት ቢያገኝ ይለማመዳል። ግን ያልተነገረው ልጅ አይጨነቅም ያለው ማነው? ቤት ውስጥ ሹክሹክታ አለ፣ እናት ስልክ ይዛ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ራሱን እየነቀነቀ ይወጣል። ልጁ ይህን ሁሉ ያያል። የማይነገረውን ነገር በራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ነው። ብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ልጆች የሚረበሹት ከባድ ነገር ሲነገራቸው ሳይሆን ሁሉም እያወቀ እነሱ ብቻ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው። «ለምንድነው የምመረመረው? ልሞት ነው?» ብሎ የጠየቀ ልጅም መልስ ይገባዋል። «ራስህን ለምን እንደሚያምህ ዶክተሩ ውስጡን አይቶ ሊያውቅ ይፈልጋል» ማለት ውሸትም አይደለም፣ አያስፈራም።

ሁለተኛው ክርክር «ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እርግጥ ነው እነሱ ጋ በጀት አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ዳግ ዲትዝ የሚባል ንድፍ አውጪ እሱ የሠራውን ማሽን አይታ የምታለቅስ ልጅ ካየ በኋላ ፒትስበርግ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ክፍሉን የባሕር ወንበዴዎች መርከብ አስመስለው ቀቡት። ማሽኑ ያው ነው፣ የተቀየረው ቀለሙና ለልጁ የሚነገረው ታሪክ ነው። ልጆቹ መርከቧ ውስጥ ዝም ብለው ይተኛሉ። እኛ መርከብ መቀባት የለብንም። ጠረጴዛና ጋቢ አለን። እኔ ያወጣሁት ወጪ ድምፁን ለማውረድ የሞላሁት የኢንተርኔት ካርድ ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ መርከቡ ውሸት አይደለም፤ ልጁ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ኩኩሉም እንደዚያው። ጨዋታና ማታለል ለየቅል ናቸው፣ ልዩነቱን ከኛ ይልቅ ልጆች ያውቁታል።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትለዋን ደግሞ እባካችሁ ቤት ተዋት። ልጁ እንባውን ለመያዝ ሲታገል መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ለምርመራውም ቢሆን አይጠቅምም። ይልቅ ቱቦው ውስጥ እያለ የሚጨብጣት ትንሽ የጎማ ኳስ ወይም የጥሪ ቁልፍ እንደሚሰጠው ንገሩት። ስትጫን ባለሙያው ይሰማል። በመስታወት እያየውም ነው፣ በድምፅ ማጉያም ያናግረዋል። ቱቦው በሁለት በኩል ክፍት እንደሆነ ንገሩት፣ ብዙ ልጅ ከኋላው የተዘጋ ይመስለዋል። ወላጅ ገብቶ እግሩን ይዞ መቆም ይፈቀድ እንደሆነ ቀጠሮ ስታሲዙ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ከተፈተሹ በኋላ ይፈቀዳል። ከተፈቀደላችሁ አውራ ጣቱን ያዙት። እኔ ያንን ነው ያደረግኩት፣ በየዙሩ መሀል አንዴ ጫን አደርግላት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለተማሪዎቼ ነው፣ በተለይ ራጅና ኤም አር አይ ክፍል ለምትሠሩ። እንደምትደክሙ አውቃለሁ፣ በር ላይ የሚጮኸውም የሚለምነውም ሁሉ እናንተ ላይ ነው። ግን የቀጠሮ ወረቀቱ ጀርባ ባዶ ነው። ሦስት መስመር ጻፉበት፦ ድምፁ እንደሚጮህና እንደማያም፣ ልጁ ስንት ደቂቃ ዝም ብሎ መተኛት እንዳለበትና ቤት ይለማመድ የሚል፣ ብረት ምን ምን እንደሚወልቅ። መርፌ ሊኖር ከሆነ እሱንም ጨምሩ፣ አትደብቁ። ማንበብ ለማይችል አባት በቃል ንገሩት፣ 1 ደቂቃ ነው።

ሌላም አለ። እኔ ያወረድኩት ድምፅ የውጭ ነው፣ ጥራቱም እንደነገሩ ነው። የናንተን ማሽን ድምፅ ቅዱልኝ፤ ስልክ ይዛችሁ ወደ ውስጥ እንዳትገቡ እንጂ፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወይም ከበሩ ውጪ ሆናችሁ። የእያንዳንዱን ዙር ለየብቻ ብታደርጉት ይመረጣል። እኔ በአማርኛ አጭር ማብራሪያ ጽፌ አብሬ ቴሌግራም ላይ አስቀምጠዋለሁ። በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የምታግዙኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ብንጨርሰው ደስ ይለኛል።